ሠላሳው ሣጥን

ጎጃም ውስጥ ሰላምታ ረዥም ነው። «እንዴት አደሩ? እንዴት ሰነበቱ? ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና? አዝመራው ደኅና?» እየተባለ አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። በሬ የሞተበትም፣ ልጅ የታመመበትም፣ ደመወዝ የዘገየበትም ሰው ይህን መልስ አያጓድልም። የጨዋ ልማድ ነው፤ ያደግሁበትም ስለሆነ እወደዋለሁ። ዳሩ ግን ይህ ጨዋ መልስ ያለቦታው ሲገባ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የተማርሁት ቢቸና አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ነው፤ ቦታውም የሐኪም ጠረጴዛ ፊት ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በሒሳብ ትምህርት የማይታማ ልጅ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ አጥር ሥር ይቀመጥ ነበር። አስም አለበት። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ትንፋሹ አጥሮ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል ባይ እናቱን አስጠርቼ ሦስታችን ወደ ሕክምና ሄድን። የሄድንበትን ቤት ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የዚያ ቤት ብቻ አይደለምና። ተራችን እስኪደርስ ድረስ ልጁ ቀለል ብሎት ነበር። ጤና መኮንኑም «እንዴት ሰነበትህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ አቀርቅሮ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አለ። እናቱም «ተመስገን» ብለው አጸኑለት። በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበርና ጤና መኮንኑ «ደኅና» ብሎ ጻፈ፤ ያንኑ የቀድሞውን መድኃኒት ደግሞ አዘዘና አሰናበተን።

ከበሩ እንደ ወጣን እናቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ይኸን ሳምንት ሦስት ሌሊት ግድግዳ ተደግፎ ነው ያነጋው፣ መምህር» አሉኝ።

«ታዲያ እትዬ፣ ምነው ለሐኪሙ ሳይነግሩት?»

ገርሟቸው አዩኝ። «አሁን ደኅና አይደለም እንዴ? እሱ የጠየቀው ያሁኑን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ «ያሁኑ» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አስም ማለት በሳንባችን ውስጥ አየር የሚያመላልሱት ቱቦዎች ሕመም ነው። ሁለት ነገር ይደርስባቸዋል። በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ውስጣቸው ደግሞ ያብጥና አክታ ይቋጥራል። የጡንቻው መኮማተር ቶሎ መጥቶ ቶሎ ሊሄድ ይችላል። እብጠቱ ግን ሰውየው በሚስቅበትና በሚጫወትበት ሰዓት እንኳ ውስጥ ውስጡን ይቆያል። ሳንባው ጤነኛ የሆነ አንባቢ ነገሩን ለማወቅ ቢፈልግ አንድ ቀሰም ያምጣና አፍንጫውን ይዞ ለአንድ ደቂቃ በቀሰሙ ብቻ ይተንፍስ፤ አስም ያለበት ሰው ግን ይህን አይሞክር።

መድኃኒቱም እንደ ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም በአፍ የሚሳቡ፣ ሰው «ፓፍ» የሚላቸው ናቸው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያሉት ደግሞ እብጠቱን ቀስ ብለው፣ በቀናትና በሳምንታት ያበርዱታል፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚሰማ ለውጥ የላቸውም። የተማሪዬ አባት ይህን ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ለልጃቸው አሳሳቡትና ወዲያው ምንም ሳይሆን ቢቀር «ይኸ ውኃ ነው» ብለው ቆጥ ላይ ወረወሩት። ሞኝነት አይደለም። እሳቸው መድኃኒቱን የመዘኑት በሚያዩት ነገር ነው፤ ሥራው ግን በማይታይ ቦታ ነበር።

እንግዲህ ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ምን ይጠይቃሉ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የተቋቋመውና በአጭሩ «ጂና» የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም ድርጅት አራት ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት 4 ሳምንታት ውስጥ ቀን ቀን ምልክቱ በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ታይቶብሃል? ሌሊት ከእንቅልፍህ ቀስቅሶህ ያውቃል? ማስታገሻውን በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ስበሃል? ከሥራህ ወይም ከጨዋታህ አግዶሃል? ለአራቱም «የለም» ያለ ሰው ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት «አዎን» ያለ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ያለ ሕመሙ ከቁጥጥር ውጭ ነው። ልብ በሉ፤ ከአራቱ አንዱም «አሁን እንዴት ነህ?» አይልም።

ስለዚህ አንድ ምሽት በማስመሪያ አንድ ወረቀት ሠራሁ። በአራት ረድፍ ሰባት ሰባት፣ በጠቅላላው 28 ሣጥን። እያንዳንዱን ሣጥን በሰያፍ መስመር ለሁለት ከፈልሁት፤ በላይኛው ፀሐይ፣ በታችኛው ጨረቃ ሣልሁበት። ልጁ ሌሊት በትንፋሽ ከነቃ የጨረቃው ወገን ይጠቁራል፤ ቀን ካፈነው የፀሐዩ ወገን ይጠቁራል፤ ማስታገሻ በሳበ ቁጥር አንድ ነጥብ ይጨመራል። ወረቀቱን የሰጠሁት ለልጁ አይደለም፤ እሱ «ደኅና ነኝ» ባይ ስለሆነ ለእናቱ ነው። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«መምህር፣ ይኸ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት፣ እትዬ።»

«ወሩ ሠላሳ አይደለም እንዴ? ሁለቱን ቀን የት ጣሏቸው?»

ኮሌጅ የተማርሁት እኔ መልስ አጣሁ። አራት ሳምንት የሚለው ቁጥር ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ የገለበጥሁት ነበር። እሳቸው ግን በሳምንት አይቆጥሩም፤ ወራቸው ከልደታ ተነሥቶ በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔ ዓለም አልፎ በዓለ ወልድ ይደርስና በማግሥቱ ያልቃል። ወረቀቱን ቀድጄ 30 ሣጥን ሠራሁ። በቁጥር ፈንታም ምልክት አደረግሁበት፤ በ7 ሦስት ነጥብ፣ በ12 ሰይፍ፣ በ19 ክንፍ፣ በ23 ፈረስ። (ፈረሱን ውሻ ነው ብለው የሳቁብኝ ተማሪዎቼ አሁንም አልረሱትም።) ከ11 ወደ 12 የሚያነጋው ሌሊት የማን ነው የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር፤ ሌሊቱ የሚካኤል ነው ብለው እሳቸው ረቱኝ።

መጀመሪያ የተሞላው የኅዳር ወረቀት ነው። በወሩ ውስጥ 11 ጨረቃ ጠቁሯል፤ ከእነዚህ 6ቱ ከ9 እስከ 14 ባሉት ቀናት ተጨናንቀዋል። እኔ ወዲያው ምክንያቱን ዐወቅሁ አልሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ ስለሚቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ጢስ ነው አልኳቸው፤ እንዲያውም ያ በሽታ በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እንደ ነበር ጨምሬ አስረዳሁ። በትሕትና ሰሙኝ።

የታኅሣሥ ወረቀት በመጣ ጊዜ ግን ከ15 እስከ 19 ደግሞ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ ሁለቱን ወረቀቶች መደብ ላይ ጎን ለጎን አነጠፏቸውና ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። በኋላ አንድ ጣታቸውን በሰይፉ፣ ሌላውን በክንፉ ላይ አሳረፉ። «ኅዳርን ሰው ሁሉ አጠነ ይበሉ። ታኅሣሥ ገብርኤልንስ ማን አጠነ? እኔ ነኝ።»

ኅዳር ሚካኤል የማኅበር ተራቸው ነበር፤ ታኅሣሥ ገብርኤል ደግሞ የቤታቸው ዝክር። ለሁለቱም ጠላ ጠምቀዋል። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ደግሞ ጋኑን በወይራ ጢስ ያጥናል፤ አሻሮ ይቆላል፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጁ በሚተኛበት በዚያው በአንዱ ክፍል፣ በር ተዘግቶ ነው። ማንም ሐኪም ይህን አልነገራቸውም፤ ማንም ሐኪም ሊያውቀውም አይችልም። ከዚያ በኋላ ጋኑ የሚታጠነው ደጅ፣ ልጁም በዚያ ሰሞን የሚያድረው አክስቱ ቤት ሆነ።

ወረቀቶቹን ይዘን ወደዚያው ጤና መኮንን ተመለስን። «እንዴት ሰነበትህ?» አለ፤ ልጁም እንደ ልማዱ አመሰገነ። እናቱ ግን ከጉያቸው አውጥተው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህ ልጅ ደኅና አይደለም» አለ። ያለው ጊዜ ያው ነበር፤ በሩ ላይ የተሰለፈውም ሰው ያው ነበር፤ ማየት የፈጀበት ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። ቆጥ ላይ የተወረወረው መድኃኒት በአዲስ ተተክቶ፣ ጠዋትና ማታ ሳይቋረጥ እንዲሳብ ታዘዘ። አባትየው አሁን የሚያዩት ነገር አገኙ፤ የጥር ወረቀት 4 ጥቁር ጨረቃ ነበረበት፣ የየካቲት 1 ብቻ። «ውኃ ነው» ማለታቸውን ተዉ።

በሌላው ዓለም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ሥዕሎች ብዙ ናቸው። ማርቲን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ፈልሳፊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ከሥራ ባልደረባው ጋር ያስተዋወቀው መሣሪያ አለ፤ በኃይል ሲተነፍሱበት ከሳንባ የሚወጣውን አየር ፍጥነት በቁጥር ያሳያል። ታማሚው ደኅና በሆነበት ወራት ያገኘው ከፍተኛ ቁጥር መለኪያው ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ከፍተኛው 400 የሆነ ሰው ከ320 በላይ ሲነፋ በአረንጓዴ፣ ከ320 እስከ 200 ሲሆን በቢጫ፣ ከ200 በታች ሲወርድ በቀይ ላይ ነው፤ 80 እና 50 ከመቶ ማለት ነው። በየሣጥኑ ቢመዘገብ መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ፣ ሕመሙ ከመጣሉ በፊት ሊታይ ይችላል። ቀለማቱ የተወሰዱት ከትራፊክ መብራት ነው።

የትራፊክ መብራት! ቢቸና አደባባይ ላይም ሆነ አሁን በማስተምርባት በሞጣ እኔ እንዲህ ያለ መብራት አላየሁም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ስንል እኛ መጀመሪያ የምናስበው ሰንደቅ ዓላማችንን ነው፤ በዚያ ላይ ቀዩ የአደጋ ምልክት ሳይሆን የአባቶች ደም ነው። አንድ ሽማግሌ ሦስቱን ቀለም ሳሳያቸው ሊነሡልኝ ከጅለው ነበር። ይሁን እንጂ የገጠር እናቶች እነዚህን ቀለማት ለጤና ማዋል አያስቸግራቸውም፤ ምክንያቱም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ የምትለካበትን ሪባን ያውቁታል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ቀይ ላይ ያረፈ ሕፃን ወደ ሕክምና እንደሚላክ ለእናት ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ «እንደ ክንድ መለኪያው ነው» ብል ይገባኛል፤ «እንደ ትራፊክ መብራት ነው» ብል ግን የአዲስ አበባን ወሬ እያወራሁ ነው።

የሳንባ ሥዕልም ጣጣ አለው። ከአንድ የውጭ መጽሐፍ የገለበጥሁትን ሥዕል ሳሳይ ሰዎቹ «የበግ ሳንባ ነው» አሉ፤ ትክክል ነው፣ ለፋሲካ ሁሉም አይቶታል። የቱቦውን አፍ ፊት ለፊት የሚያሳየውን ክብ ሥዕል ግን አንዱ ምጣድ ነው አለ፣ ሌላዋ ስፌት ነው አለች። ሳንባ እንዲህ ተቆርጦ ሊታይ እንደሚችል ለማያስብ ሰው ክብ ክብ ነው። ክቡን ትቼ ሦስት ቀሰም ሣልሁ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ የጠበበ፣ አንዱ የተደፈነ። ያኔ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

ለነገሩ ጎጃም ለሕመም ሥዕል ሲደረግ ዛሬ አይደለም ያየው። ደብተራ በብራና ላይ ትላልቅ ዓይን ያለው መልአክና ጠልሰም ሥሎ ለታማሚ ክታብ ሲያዘጋጅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ዣክ መርሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በዚህ ላይ ብዙ ደክሟል፤ በ1997 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኒው ዮርክ ላይ እነዚህ ሥዕሎች በትዕይንት ሲቀርቡም መጽሐፉ አብሮ ወጥቷል። የክታቡ ብራና በታማሚው ቁመት ልክ ይዘጋጅ እንደ ነበር ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ የትንፋሽ መለኪያው ሠንጠረዥም ከአንድ ሰው የሚጠበቀውን ቁጥር የሚያወጣው ከዕድሜና ከጾታ ጋር ቁመትን ጠይቆ ነውና። ክታቡ አስም ያድናል ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ግን በስሙ፣ በቁመቱ ልክ የተሠራለትን ነገር ሰው ጠንቅቆ እንደሚይዝ ደብተራው ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር።

ፊደል የቆጠረ ሰው ይህ ሁሉ ሥዕል አያስፈልገውም የሚል ቢኖር፣ ሞጣ ያገኘሁትን ወዳጄን ላስተዋውቀው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ እኩል። ፓፉን በጠረጴዛው መሳቢያ፣ በፋይል ሥር ይደብቃል። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበባት ልጅ ቤተሰቦች «ሕመምተኛ ነው» እንዳይሉት ይፈራል። እንዴት ነህ ሲሉት የሚሰጠው መልስ ከእናቲቱ አይለይም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣውን የአስም መቆጣጠሪያ ፈተና አብረን ሠራን፤ አምስት ጥያቄ ነው፣ ሙሉው 25፣ ማለፊያው 20። እሱ 13 አገኘ። «ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም» ብሎ ቀለደ።

ቀልዱን ያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው። ባዶ ፓፎችህን የት ታደርሳቸዋለህ አልሁት። ከመሳቢያው እያወጣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደራቸው፤ ሰባት ሆኑ። ሁሉም ማስታገሻ፣ በሰባት ወር የተገዙ፣ እያንዳንዳቸው 200 ጊዜ የሚሳቡ። በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ ማስታገሻ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ እንደሚጨምር፣ በየወሩ አንድ የሚጨርስ ደግሞ የሞት አደጋው ከፍ እንደሚል ጂና ይናገራል። ከ2019 ወዲህም ለአዋቂና ለጎረምሳ ማስታገሻ ብቻውን እንዲታዘዝ አይመክርም። ይህን አስቀድሜ ነግሬው ነበር፤ ራሱን ነቅንቆ አልፎታል። ሰባቱን ተሰልፈው ሲያያቸው ግን ተቀመጠ። በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ ሐኪም ዘንድ ሄደ። (በሞጣ አንዲት ሙስሊም እናት ወረቀቱን በጁምዓ እየቆጠሩ ነው የሚሞሉት፤ ወሩ በምንም ይቆጠር፣ ሣጥኑ ያው ነው።)

ሥዕል የማይሠራው ሥራም አለ። እብጠት የሚያበርደው መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ናቸው ካላቸው መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ተጽፏል፤ በድሃ አገሮች ግን በሽተኛው በሚደርስበት መደብር ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። መድኃኒት በሌለበት ቀይ ሣጥን ማቅለም ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ለጤና ጣቢያዎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ ቀለምም ቀስትም ሣጥንም አለ፤ የተዘጋጀው ግን ለሐኪሙ ነው፤ በሽተኛው ባዶ እጁን ይወጣል። በርካሽ የሚገኝ አንድ ነገር ግን አለ። በ1999 ኬፕ ታውን ላይ የተደረገ ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እኛ «ሃይላንድ» የምንለው፣ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ቢገጠምለት፣ ለልጆች በውድ እንደሚሸጠው ዕቃ መድኃኒቱን ወደ ሳንባ እንደሚያደርስ አሳይቷል። እሱን በወረቀቱ ጀርባ ሥዬዋለሁ።

በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ አንድ ቀይ ሣጥን ብቻውን አለ። በውስጡ አፉን የከፈተ ሰው ተሥሏል። ትርጉሙን ለቤተሰቡ በቃል እነግራለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቃተው፣ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ማስታገሻውን እየሳበ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መንገዱ እንዳስቻለ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። አዳሩን አይጠበቅ።

ወደ ሞጣ ስዛወር እናቲቱ ሊሰናበቱኝ መጡ። ልጁ ከኋላቸው ኳስ ይዞ ቆሟል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚበቃ ወረቀት አዘጋጅቼላቸው ነበር፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ 12 ገጽ። አንድ በአንድ ገለጧቸው፤ ቆጠሯቸው፤ እንደገና ቆጠሯቸው።

«መምህር፣ ጳጉሜንስ?»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ በጉልበቴ ላይ፣ ያለ ማስመሪያ አምስት ሣጥን ሠራሁላቸው፤ ከዚያም ዓመተ ምሕረቱን አስታውሼ ስድስተኛውን ጨመርሁ።